የሻጋታ ሰዎች በበርበሬ በረንዳ

መርካቶ ውስጥ በርበሬ በረንዳ መቃረብን መጀመሪያ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ጆንያው ገና ሳይታይ ጉሮሮ ይከረክራል፣ ዓይን ያቀራል። እንግዳ ሰው እያስነጠሰ ይገባል፤ የሰፈሩ ሰው ግን ከለመደው ቆይቷል። ከማረቆ፣ ከሀላባ፣ ከቡሬና ከወምበርማ የመጣ ዛላ እስከ ጣሪያ ተከምሯል። ሴቶች ሻሻቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አስረው ይቀነጥሳሉ፣ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ያልፋል። ነጋዴው አንድ ዛላ ከጆንያው ይመዝና ጆሮው ሥር ይዞ ያንቀጫቅጨዋል። ፍሬው ከተንኮሻኮሸ ዛላው ደርቋል። ድምፅ ካልሰጠ ነጋዴው ፊቱ ይጠቁራል፤ ለሁለት ሰብሮ ውስጡን ያያል፣ ያሸታል፣ አንዳንዱን ወደ ጥግ ይወረውረዋል።

ጥግ ላይ የተጣለውን ዛላ ጎንበስ ብለው የሚያነሡ ሌሎች ሰዎች አሉ። ውስጡን ሲያዩ ፍሬው ላይ ግራጫ ብናኝ ወይም አረንጓዴ ሲነካ የሚቦን ዱቄት ካገኙ በንጹሕ ከረጢት ያስገቡታል፣ ቀንና ቦታ ይጽፉበታል፣ ወደ ቤተ ሙከራቸው ይዘውት ይሄዳሉ። እነዚህ የፈንገስ ተመራማሪዎች ናቸው። በአገራችን ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ስማቸውንም ከሙያ ጓደኞቻቸው በስተቀር የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል። ሥራቸው ግን በየቀኑ ከምንበላው ወጥ፣ ከምንጠጣው ወተት፣ ከምንቆርሰው እንጀራ የራቀ አይደለም።

የሚያጠኑትን ነገር ማወቅ ይቀድማል። አማርኛ ለእነዚህ ፍጥረታት አንድ የወል ስም አልሰጣቸውም። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላውን ዘርግቶ የሚወጣውን እንጉዳይ እንለዋለን፤ የማናምነውን ደግሞ የጅብ ጥላ። የሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣው ሻጋታ ነው። ስንዴው ላይ ዝገት መስሎ የሚወርደው ዋግ፣ የማሽላውን ራስ ጥቁር ዱቄት የሚያደርገው አረማሞ፣ ቆዳን የሚያዥጎረጉረው ቋቁቻ፣ ሊጡን የሚያቦካው እርሾ ይባላል። ገበሬውና የቤት እመቤቷ ለየብቻ ያወቋቸውን እነዚህን ሁሉ ሳይንስ ፈንገስ ብሎ አንድ ቤት ያስገባቸዋል።

ፈንገስ ዕፅዋት አይደለም፤ ከፀሐይ ምግብ መሥራት አይችልም። እንስሳም አይደለም፤ ግን የአካሉ ግድግዳ የተሠራው የፌንጣና የጥንዚዛ ቅርፊት ከተሠራበት ካይቲን ከሚባል ነገር ነው። አመጋገቡም የተለየ ነው። እኛ ጎርሰን እንፈጫለን፤ ፈንገስ ፈጭቶ ይጎርሳል። ማብላያ ፈሳሹን ወደ ውጭ ይረጭና እንጨቱን፣ ገለባውን ወይም የበርበሬውን ፍሬ ካሟሟ በኋላ የላመውን ይመጥጣል። ጃንጥላ መስሎ የምናየው እንጉዳይ የዛፉ ሎሚ እንደ ማለት ነው፤ ዛፉ ራሱ ከዓይን የተሰወረ ነጭ የክር መረብ ሆኖ አፈሩ ወይም ግንዱ ውስጥ ተዘርግቷል። እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች 150 ሺህ ገደማ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ግምት ግን በምድር ላይ ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ዝርያ እንደሚኖር ይናገራል። በዚህ ሙያ የተሰማራ ሰው ገና ስም ካልወጣለት ፍጥረት ጋር መገናኘቱ ብርቅ አይደለም።

ወደ ቤተ ሙከራው እንሂድ። ከጆንያ የሚወሰደው ናሙና ከአፉ ላይ ብቻ የተዘገነ ከሆነ ዋጋ የለውም። ሻጋታ በጆንያ ውስጥ እኩል አይሰራጭም፤ መቶ ንጹሕ ዛላ መሃል አንዱ ብቻ ክፉኛ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ ከብዙ ጆንያ ይወሰድና ይደባለቃል። ቀጥሎ ግማሹ በተበረዘ በረኪና ይታጠባል። ይህ የሚደረገው ከላይ ያረፈውን ሻጋታ ገድሎ ውስጥ የገባውን ለብቻ ለማየት ነው። ከዚያ ለሻጋታው ማዕድ ይዘጋጅለታል፤ የድንች ቅቅል ውሃ፣ ስኳር፣ ከባሕር አረም የሚወጣ አጋር የሚባል ማርጊያ። በጠፍጣፋ ብልቃጥ ላይ ይረጋል፣ የፍሬው ቁራጭ ይቀመጥበታል፣ 25 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ውስጥ ይገባል። አምስት ወይም ሰባት ቀን መታገሥ ነው። ማዕዱ ላይ ጥጥ የመሰለ ግራጫ ከተነሣ ራይዞፐስ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ አረንጓዴ ቬሉዶ ከሆነ ፔኒሲሊየም፣ ከሰል የመሰለ ጥቁር ከሆነ አስፐርጊለስ ናይጀር። ቢጫ የጋረደው አረንጓዴ ከሆነ ተመራማሪው ልቡ ይቆማል፤ አስፐርጊለስ ፍሌቨስ ሊሆን ይችላልና።

ስሙ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1729 የፍሎሬንሱ ቄስና የዕፅዋት ሊቅ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ ይህን ሻጋታ በማጉያ መነጽር ሲያየው ቀጭን ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ክብ ራስ፣ ከራሱ ዙሪያ የተበተኑ ፍንጣቂዎች አየ። ቄስ ነውና የመጣለት ምስል ጠበል መርጫው ነበር፤ ስሙንም በላቲን ከዚያው አወጣለት። ከበርበሬ በረንዳ ብዙ ሳይርቅ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በበዓል ቀን ካህኑ ጠበሉን ሲረጩ ነጠብጣቡ በሕዝቡ ላይ የሚበተንበትን ያየ ሰው፣ ሻጋታው ዘሩን እንዴት እንደሚበትን ለመገመት ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም።

ሻጋታው መርዝ እንደሚሠራ የታወቀው ግን ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። ወረርሽኝ ነው ተብሎ ተፈለገ፣ ጀርም ጠፋ። በመጨረሻ ምክንያቱ ከብራዚል በመጣ የለውዝ መኖ ውስጥ ተገኘ፤ መኖው ሻግቶ ነበር። መርዙ ከሻጋታው ስም ቁራጭ ተወስዶለት አፍላቶክሲን ተባለ። በልዕለ ሐምራዊ (አልትራቫዮሌት) ጨረር ሲያዩት የሚያበራ ነገር ነው። ሰማያዊ የሚያበራው ቢ፣ አረንጓዴ የሚያበራው ጂ የሚል ፊደል ተሰጠው፣ ወደ ወተት የሚያልፈው ደግሞ ኤም። ከሁሉም የከፋው ቢ1 ነው። ጉበትን ይጎዳል፣ ለጉበት ካንሰርም ይዳርጋል፤ የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ሲመገበው አደጋው እስከ 30 እጥፍ ሊደርስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ያስረዳል። ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም። ወጥ ቤት ውስጥ የምናውቀው እሳት አያጠፋውም። ሻጋታው ተራግፎ፣ ዛላው ተፈጭቶ፣ ወጡ ተንተክትኮ መርዙ ባለበት ሊቀር ይችላል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ሀብታሙ ፉፋና ቀልቤሳ ኡርጋ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከከተማው 60 የሽሮና 60 የተፈጨ በርበሬ ናሙና ሰብስበው መረመሩ፣ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ። ከሽሮው በአምስቱ፣ ከበርበሬው በስምንቱ አፍላቶክሲን ተገኘ። ስምንት ከስድሳ ሲሰማ ያነሰ ይመስላል፤ የሚያስደነግጠው መጠኑ ነው። በበርበሬው በኪሎ ከ250 እስከ 525 ማይክሮግራም ነበር። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት በቅመም ላይ የሚፈቅደው ግን ጠቅላላው ተደምሮ በኪሎ 10 ብቻ ነው። ከተገኙት መካከል ከፍተኛው የዚህ ገደብ ከ50 እጥፍ በላይ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ጥናት 52 የበርበሬ ናሙናዎች ላይ መርዙ አልተገኘም። ይህን የምለው ነገሩን ለማለስለስ አይደለም። «በርበሬያችን መርዝ ነው» የሚል ወሬ ሐሰት ነው፤ «የእኛ በርበሬ ምንም አይሆንም» የሚለውም ሐሰት ነው። እውነቱ በርበሬው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ንጹሑን ከተበከለው የለየው አንድ ነገር አለ፤ የሻጋታ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚፈጁት እሱን በማሳደድ ነው፤ ውሃ።

አስፐርጊለስ ፍሌቨስ የሚኖረው አፈር ውስጥ ነው። ዛላ በባዶ መሬት ላይ ሲሰጣ ከሻጋታው ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ጥሩ ፀሐይ ካለ ዘሩ ዛላው ላይ ቢያርፍም አይበቅልም፤ ዝናብ ከመታው ወይም ከማታ ጤዛ ካልተነሣ ግን ሻጋታው ለመብቀል ያ እርጥበት ይበቃዋል። የበርበሬው ቆዳ ሲደርቅ ወረቀት ይመስላል፣ ግን ውስጡ ባዶ ክፍል ነው፤ እርጥበት እዚያ ታፍኖ ይቀርና ፍሬውና እንብርቱ ላይ ሻጋታው ይነሣል። ከውጭ ቀይና የሚያምር፣ ከውስጥ ግራጫ የሆነ ዛላ የሚገኘው ለዚህ ነው። ነጋዴው ሰብሮ የሚያየውም ለዚህ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ የሰው እጅ። በጣም የደረቀ ዛላ ሲጫን፣ ሲታሰርና ሲቀነጠስ ይሰባበራል፣ የተሰባበረ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ስለዚህ በየመንገዱ ውሃ የሚረጭበት አለ። ዛላው ይለዝባል፣ ሚዛንም ያነሣል። አንድ ጣሳ ውሃ በአንድ ጆንያ ላይ ምንም አይመስልም። ዛላው ግን ከመቶ 11 እጅ ገደማ እርጥበት ላይ ሲቆም ነው ደኅና የሚሆነው፤ የተረጨው ውሃ ይህን ያልፍና በጭነት መኪና ሸራ ሥር ሙቀት ሲጨመርበት ያን ሁሉ የገበሬ ድካም ለሻጋታ ያስረክባል። ይህን ልማድ እያወቅን ዝም ማለታችን ያሳዝነኛል። ረጪው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚረጨው፤ የዛሬውን ስብራት እያየ የነገውን ጉበት ስላላየ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው አዘገጃጀትም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ዛላው ከተቀነጠሰና ከደረቀ በኋላ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርትና ከበሶብላ ጋር ይደለዛል፤ እርጥብ ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ እንደገና ይሰጣል። እናቴ ይህን ሥራ ሰማዩ ካልጠራ አትነካውም ነበር። ጥቅምት ወይም ኅዳር ሲገባ፣ ደመና በማይታይበት ሳምንት ብቻ ትጀምራለች፤ ማታ ማታ ጤዛ ሳይነካው ታስገባዋለች፣ ጠዋት እንደገና ታወጣዋለች። ልጅ ሆነን ሰልችቶን እናጉረመርም ነበር። ዛሬ ስለ ሻጋታ ሳነብ የእናቴ ሥርዓት ከቤተ ሙከራው ምክር ጋር ነጥብ በነጥብ ሲገጥም አያለሁ። ቶሎ አድርቅ፣ ደርቆ የነበረውን መልሰህ አታርጥብ፣ ካረጠብህ በፀሐይ ጨርስ። የክረምት በርበሬ የማይታመነው በምክንያት ነው።

ይህ ጉዳይ ከጓዳ አልፎ የአገር ገበያ ሆኗል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገባ ቅመም በአፍላቶክሲን ምክንያት ድንበር ላይ በብዛት እንዲመረመር አዝዟል። በውጭ ላሉ ወገኖቻችን በርበሬ የሚልክ ነጋዴ እያንዳንዱን ጭነት ሲያስገባ የሚያስበው ይህን ነው።

የእህሉን ጥናት የያዙት ሌሎች ተመራማሪዎች ናቸው። አማረ አያሌው፣ ዳዊት አባተና የጀርመን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከአራት እህሎች፣ ከገብስ፣ ከማሽላ፣ ከጤፍና ከስንዴ፣ 352 ናሙና መርምረው በመቶ 8.8 ያህሉ ላይ ቢ1 አግኝተዋል፤ ከፍተኛው በኪሎ 26 ማይክሮግራም ነበር። ከበርበሬው ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነው፤ በርበሬ ግን በማንኪያ፣ እህል በቁና ነው የሚበላው። አማረ አያሌው ኋላ አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኅብረት ውስጥ አፍላቶክሲንን ለመቆጣጠር የተቋቋመውን የአህጉሩን ትብብር መርተዋል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2004 በሻገተ በቆሎ 125 ሰው ማጣቷን ለሚያስታውስ፣ ይህ ሥራ የጽሕፈት ቤት ሥራ ብቻ አይደለም።

ወተቱን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ኑግ ሲጨመቅ ዘይቱ ይወጣል፣ የሚቀረው ፋጉሎ ለላም ይሸጣል። ፋጉሎ ለላሟ ጥሩ ምግብ ነው፤ እርጥበት ካገኘው ለሻጋታም እንዲሁ። ዳዊት ግዛቸውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርበው አካባቢ 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙና መረመሩ። በ110ሩም ወተት ላይ ኤም1 ተገኘ። የአውሮፓን ገደብ፣ በሊትር 0.05 ማይክሮግራም፣ ያላለፉት ዘጠኝ ብቻ ነበሩ፤ አሥር እጥፍ ላላ ያለውን የአሜሪካን ገደብ እንኳ 29ኙ አልፈውታል። ምንጩ ሲፈለግ ዋናው ፋጉሎው ሆነ። ላሟ የበላችው ቢ1 ጉበቷ ውስጥ ተለውጦ በአንድ ቀን ውስጥ ወተቷ ላይ ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ፤ መኖው ሲቀየር ወተቱ በጥቂት ቀናት ይጠራል። ላሟ አልተበላሸችም፣ ገበሬውም አልከፋም። ፋጉሎው ከየት እንደመጣ፣ ስንት ወር እንደተቀመጠ፣ መጋዘኑ ያንጠባጥብ እንደሆነ ማየት ነው የሚያስፈልገው።

ቀልቤሳ ኡርጋን ከበርበሬው ጥናት አውቀናቸዋል። ስማቸው ግን ከዚህ በከበደ ጉዳይ ላይም ይገኛል። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በወሎ ዋድላ ደላንታ ሰዎች እጅና እግራቸው እያቃጠለ፣ እየደነዘዘ፣ በመጨረሻም እየጠቆረና እየደረቀ ይወድቅ ጀመር። ነገሩ እርግማን ወይም ሥጋ ደዌ ይመስላል። ምክንያቱ ገብሱ ውስጥ የበቀለው ሲናር ነበር፤ ሲናሩ ራስ ላይ ፍሬውን ተክቶ ጥቁር ቀንድ የመሰለ የፈንገስ አካል ተነሥቶበታል። ከእህሉ ጋር ሲፈጭ ውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥርን ጨምቆ ያጠበዋል፤ ደም ያልደረሰው ጣት ይሞታል። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይህንኑ በሽታ የቅዱስ እንጦንስ እሳት ይሉት ነበር። የወሎው ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1979 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ተዘገበ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 በአርሲ ተመልሶ መጣ፤ ቀልቤሳ ኡርጋና ባልደረቦቻቸው ገብሱን በቤተ ሙከራ መርምረው በሚቀጥለው ዓመት አሳተሙት። አስቡት፤ ቤተሰብ ፊት ቆሞ «አልተረገማችሁም፣ እህሉ ነው» ማለት መቻል ምን ያህል ዋጋ አለው። ጥቁሩን ቀንድ በወንፊት መለየት ይቻላል፤ እህሉ ወፈር ባለ የጨው ውሃ ሲነከር ቀንዱ ይንሳፈፋል፣ ጥሩው ይሰጥማል።

እስካሁን የሻጋታ ሰዎችን እንደ መርማሪ ብቻ አሳየኋችሁ። ከመካከላቸው ፈንገስን ወዶ ያጠናም አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩትና የተመራመሩት ዳዊት አባተ ናቸው እዚህ ላይ የሚነሡት። ከላይ በእህል ጥናቱ ስማቸውን አይተናል። ለእኔ ግን ከሁሉም ሥራቸው የሚማርከኝ እ.ኤ.አ. በ1995 ማይኮሎጂስት በተባለው መጽሔት ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው፤ ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ በባህላዊ የሸክላ ዕቃ ስለ ማብቀል። የውጭ አገር መጻሕፍት ስለ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ስለ ብረት መደርደሪያና ስለ ማቀዝቀዣ ክፍል ሲያወሩ፣ እሳቸው በየቤቱ ያለውን ሸክላ አዩ። ሸክላ ይተነፍሳል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ሙቀትን ያበርዳል። እንጉዳይ የሚፈልገው ደግሞ ይኸው ነው። አዲስ ዕውቀት ወደ ሰው ቤት መግባት ያለበት እንዲህ፣ ቤቱ ባለው ዕቃ ይመስለኛል።

አበቃቀሉ ቀላል ነው፣ ንጽሕና ግን ይጠይቃል። ኦይስተር ከሞተ እንጨትና ገለባ የሚኖር እንጉዳይ ስለሆነ አፈር አይፈልግም። የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ ይቆራረጣል፣ ይነከራል፣ በእንፋሎት ይቀቀላል፤ ይህ የሚደረገው ቀድመው የሰፈሩትን ሻጋታዎች ለመግደል ነው። ሲበርድ የእንጉዳዩ ክር ያደረበት እህል እንደ ዘር ይቀላቀልበታል። ጨለማ ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቆይ ጭዱ ነጭ ለብሶ አንድ ቁራጭ እንጀራ ይመስላል። ከዚያ ብርሃን፣ ንጹሕ አየርና ርጭት ሲያገኝ በጎኑ ጆሮ የመሰሉ ግራጫ ቅጠሎች ይወጣሉ። ያልተቀቀለ ጭድ የተጠቀመ ሰው ግን በእንጉዳይ ፈንታ ብሩህ አረንጓዴ ሻጋታ ያመርታል፤ ብዙ ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው።

ዛሬም እንጉዳይ ፈልጎ መርካቶ የሚገባ ሰው ብዙ መዞሩ አይቀርም። የደጋው ሰው እንጉዳይ ይፈራል፤ «የጅብ ጥላ» የሚለው ስም ራሱ ፍርሃቱን ይናገራል። ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ገዳይ የዱር እንጉዳዮች አሉ፤ የአንዳንዶቹን መርዝ መቀቀል አያጠፋውም፣ «ከብት በልቶታል» ወይም «ብር አላጠቆረም» የሚል ምልክትም አያድንም። ያልተማሩትን የዱር እንጉዳይ አለመንካት ጥበብ ነው። ግን ፍርሃቱ የመላ አገሪቱ አይደለም። በምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ የሚኖሩት መዠንግሮች ብዙ ዓይነት እንጉዳይ ለይተው ይበላሉ፤ ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ቱኖ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ዕውቀታቸውን ጽፋዋለች። ምስጥ ራሷ ኩይሳዋ ውስጥ እንጉዳይ ታበቅላለች፤ ዝናብ ሲዘንብ ከኩይሳው ጎን የሚወጣው ትልቅ ነጭ እንጉዳይ የእሷ እርሻ ነው። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን በሚጾም ሕዝብ ገበታ ላይ፣ ከሽሮና ከምስር ጎን፣ ይህ ምግብ ቦታ ማጣቱ ያስቆጨኛል።

ስለ እንጀራም ሳልናገር አላልፍም። እርሾው ውስጥ ማን እንዳለ ለማወቅ ስቱዋርትና አስናቀ ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት ጥናት ከሊጡ ካንዲዳ ጊሊየርሞንዲ የሚባል እርሾ ፈንገስ ለይተዋል። ቀጥለው የመጡት ተመራማሪዎች ሥራው የአንድ ፍጥረት ብቻ እንዳልሆነ፣ ባክቴሪያዎችም አብረው እንዳሉበት አሳዩ። እንጀራ በፈንገስ ይወለዳል፣ በፈንገስም ይሞታል። ዘውዱ አሻግሬና ዳዊት አባተ እ.ኤ.አ. በ2012 የሞቱን ምክንያት ጻፉ። ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ እንጀራውን የሚያበላሹት ራይዞፐስ፣ ፔኒሲሊየምና አስፐርጊለስ ናይጀር ናቸው፤ ቀዝቀዝ ሲል የሚበረቱት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲሆኑ ሙቀት ሲጨምር ጥቁሩ ይነግሣል። የምግብ ማቆያ ሲጨመርበት እንጀራው እስከ 12 ቀን ቆይቷል። ይህ ለሻጯ እናት የኪሳራና የትርፍ ልዩነት ነው።

ሌሎቹን በችኮላ ልጥቀስ። በአምቦ፣ በደብረ ዘይትና በቁሉምሳ የሚሠሩት ዋግን ይከታተላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ዲገሉ የተባለውን የስንዴ ዝርያ ግንድ ዋግ ሲያጠፋው ሌላ ዘር ፍለጋ የሮጡት እነሱ ናቸው። ቡናውን የሚያደርቀውን ፈንገስ የሚያጠኑ አሉ። ጎበና አመኒ ደግሞ በ28 ከተሞች 19,082 የጋሪ ፈረሶችን አይተው በመቶ 18.8 ያህሉ ፈንገስ በሚያመጣው የቆዳና የሊምፍ በሽታ መያዛቸውን እ.ኤ.አ. በ2006 ጽፈዋል። ያ ፈረስ በየቀኑ ለባለቤቱ ቤት እንጀራ የሚያመጣ ነው።

ከሙያው የሚጎድል ነገር ካለ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። ናሙናው ከገበያ ይወጣል፣ ወደ ቤተ ሙከራ ይገባል፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ባሕር ተሻግሮ ይታተማል። ዛላውን ያቀረበው ነጋዴ፣ ፋጉሎውን የገዛው የላም ባለቤት፣ የቀነጠሰችው ሴት ውጤቱን አይሰሙም፤ ሲሰሙም በዜና፣ ለፍርሃት ብቻ በሚበቃ መጠን ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ቁጥሮች ሁሉ አስቀድመው በበረንዳው መነበብ ነበረባቸው። ምክሩ ደግሞ ረጅም አይደለም። ዛላን በሸራ ወይም በቆጥ ላይ አስጣ እንጂ መሬት ላይ አታስጣ። ውሃ አትርጭ። ጆንያውን ከሲሚንቶው ወለል አንሥተህ እንጨት ላይ ደርድር፣ ከግድግዳውም አርቀው፣ አየር ይዙርበት። የሻገተውን ለይተህ ስትጥል ርካሽ ነው ብለህ ለወፍጮ ወይም ለከብት አትመልሰው።

ለእህል ደግሞ ማሽን የማይጠይቅ መመርመሪያ አለ፤ እህል በረንዳ ላይ ማንም ሊያደርገው ይችላል። ንጹሕና ደረቅ ጠርሙስ ይወሰዳል። ከጆንያው የተዘገነ እህል እስከ ሲሶው ይገባበታል፣ በፀሐይ የደረቀ የገበታ ጨው ጥቂት ማንኪያ ይጨመርበታል። ይከደንና ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ይናጣል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ሩብ ሰዓት ይጠበቃል። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ካልተጣበቀ እህሉ እርጥበቱ ከመቶ 15 በታች ነው፤ ሊከማች ይችላል። ከተጣበቀ ግን ገና ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ።